በደሙ ውስጥ የታየችው ሴት

ከመቱ ወጣ ባለች ከተማ የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ኃላፊዬ ጋሼ መርጋ ማይክሮስኮፑን እየወለወሉ "መብራት እስኪመጣ ብትጠብቂ ጡረታ ትወጫለሽ፤ እኛ የምንሠራው በፀሐይ ነው" አሉኝ።

ማይክሮስኮፑ ባለ አንድ ዓይን ነበር። ከሥሩ ያለው መስታወት የመስኮቱን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል፤ ኮንደንሰር የሚባለው ሌንስ ሰብስቦ ደሙ ላይ ያሳርፈዋል። ከደሙ በላይ ያለው ሌንስ ምስሉን ያጎላል፣ ዓይናችን ሥር ያለው ደግሞ መልሶ ያጎላዋል። ምስሉ የሚታየው ተገልብጦ ነው። ደሙ የተቀባበትን ስስ ብርጭቆ፣ ስላይዱን፣ ወደ ቀኝ ስገፋው ደሙ ወደ ግራ ሲሸሽ ቀፈፈኝ።

ጋሼ መርጋ ወባ ሲያገኙ ቤተሰብ ጠርተው ደሙን የማሳየት ልማድ ነበራቸው። "በዓይኑ ያየ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥም" ይላሉ።

ያን ቀን አቶ ታምሩ የሚባል ገበሬ፣ ትኩሳት ያጣደፋትን ልጁን ይዞ ከዳሪሙ ገጠር በእግሩ መጣ። መንገዱን ሙሉ ልጅቷን እየተቀበለች ያገዘችው ጎረቤቱ ብርቄ ናት። እሷ ግቢው ውስጥ ጃንጥላዋን ዘርግታ ቀረች። ጋሼ መርጋ በትልቁ ሌንስ ወባውን አገኙት። ከዚያ ደሙን በሰፊው ለማሳየት ትንሹን ሌንስ አዙረው፣ መስታወቱን ነካ አደረጉና "ይምጡ፣ ይዩ" አሉት።

ጎንበስ ብሎ ቆየ። ድንገት "ያ ዋቃዮ!" ብሎ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ። "ብርቄ ናት! ልጄ ደም ውስጥ ቆማለች!"

እኔም አየሁ። ወይ ጉድ! በደሙ ነጠብጣቦች መሃል አውራ ጣት የምታክል ሴት ቆማለች። እያየኋት ጃንጥላዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። 

አቶ ታምሩ ልጁን ከአልጋው አፈፍ አደረጋት። "በላቻት! የእናንተ መድኃኒት ምን ሊሠራ? አዋቂ ቤት ነው የምወስዳት።" ልጅቷ አንገቷን መያዝ አቅቷት ትከሻው ላይ ተዝለፍልፋለች። ያን ሁሉ መንገድ ብትመለስ አትተርፍም ነበር።

ጋሼ መርጋ በሩን ዘግተው ቆሙ። ስላይዱን አወጡና እጁ ላይ አስቀመጡለት። "የልጅዎ ደም ይኸው እጅዎ ላይ ነው። አሁን ይዩ።"

አየ። ሴትየዋ ባዶው ብርሃን ውስጥ እንደቆመች ነበረች።

"መስታወቱ ወደ ግቢው ዞሯል። ኮንደንሰሩ የግቢውን ምስል አሳንሶና ገልብጦ ደሙ ያለበት ቦታ ላይ ጣለው፤ ማይክሮስኮፑ ደግሞ መልሶ አቀናው" አሉት። መስታወቱን ወደ ሰማይ ሲያዞሩት ጠፋች። አቶ ታምሩ ልጁን አልጋው ላይ መልሶ አስተኛት። መድኃኒቱን ጀመርንላትና ዳነች።

ከዓመታት በኋላ መቱ ተዛወርኩ። እዚያ ያለው ማይክሮስኮፕ ሌላ ነው፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ቀለም የጠጣው የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። አቶ ታምሩ ሳል ይዞት ሊመረመር መጣ። ዛሬ ልይ አላለም።

"ብርቄስ ደህና ናት?" አልኩት።

"ኡካ ከተማ ዘመዶቿ ጋ ገባች። ቡዳ ናት ተብላ ሰፈር ውስጥ እሳት የሚሰጣት ጠፋ።"

"የመስታወቱ ነገር መሆኑን አላየህም እንዴ?" ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም።

"አየሁ እንጂ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እሷንም አየኋት።"

ለጀማሪዎች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት ስላይዱን አውጥታችሁ ባዶውን እዩ። እዚያ የሚታይ ነገር ካለ ማንንም አትጥሩ።