ቡድን ያልቀየሩት

ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ አንድም ከሃዲ አልነበረም። ሰቆጣ ውስጥ ሱቄን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። የለጠፍኳቸው ኳስ ተጫዋቾች በሙሉ በአንድ ቡድን ጀምረው በዚያው ያሉ፣ ወይም በዚያው ጫማቸውን የሰቀሉ ናቸው። ሌላው ሰው የተጫዋች ፖስት ካርድ ሲገዛ ጎሉን ወይም መልኩን ያያል፤ እኔ የማየው አለመሄዱን ነበር። አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። የሚሄድ ሰው አልወድም።

ካርዶቹን የሚያመጣው ከወልድያ የሚመላለስ ነጋዴ ነው። በገበያ ቀን ላስቲክ አንጥፎ ይደረድራቸዋል። አንድም ቀን አምኜው አላውቅም።

«ይሄ አልተዛወረም?»

«እመብርሃንን! የት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

ሲምልልኝ ጭራሽ ይብስብኛል። አንድ ጊዜ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ተከላካይ «እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚሞት ነው» ብሎ ሸጠልኝ። ባሌ ዲሽ ካለበት ቡና ቤት ሲመለስ አየውና ሳቀ። «ይሄማ ከሄደ ቆየ እኮ!» ወዲያው ነቅዬ፣ አጥፌ፣ የክር መጠቅለያ አደረግኩት። ሰማያዊው ክር ባለቀ ቁጥር አንድ ዓይኑ ብቅ ይላል። አላሳዘነኝም።

የጎረቤት ሴቶች «ባልሽንም ለጥፈሽው እረፊ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በዚያ ክረምት ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ከሰቆጣ ዙሪያም ከሰሃላም ወጣቱ እየተነሳ ወደ ዓረብ አገር ይሄድ ነበር፤ አብዛኛው ለቤተሰቡ ሳይናገር። ባሌ ፍየል ነጋዴ ነው፤ ኒሯቅ ገበያ ውሎ ይመጣል እንጂ ርቆ አያውቅም። ድንገት አዲስ ቦርሳ ገዛ። ሰው ወደ ዓረብ አገር ከሚልከው ደላላ ጋር ቆሞ ሲያወራ አየሁት። ቤት ስገባም የያዘውን ወሬ ያቆማል። ሊሄድ ነው አልኩ፤ እንደ አባቴ ሊሄድብኝ ነው።

የነገርኳት ለታናሽ እህቴ ብቻ ነው። እኛው ጋ ነው የምትኖረው፤ ቁልፍ ትተክልልኛለች፣ ዘርፍ ትቋጥርልኛለች።

«እኔም አላማረኝም» አለችኝ። «ዓይንሽን ከሱ እንዳትነቅዪ።»

ደስ አለኝ። ቢያንስ ቤት ውስጥ አንድ የማምነው ሰው አለ ብዬ ነው።

ነሐሴ ገባ፤ ሻደይ ደረሰ። ልጃገረዶቹ ለጨዋታው የሚለብሱትን ቀሚስ ስሰፋ ቀኑ አይበቃኝም። ጨርቅ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ጫፉ ላይ ትርፍ አጥፌ እተዋለሁ፤ ለከርሞ ሻደይ ይፈታና ይረዝማል። የእህቴንም እንዲሁ ላጥፍ ስል እጄን ያዘችው።

«አታጥፊው፤ ቁረጪው።»

«ለከርሞስ?»

«ለከርሞ ይሄን አልለብስም።»

የዘመኑ ፋሽን መሰለኝ። ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ምን አስቦ ነው የምል ሴት፣ መቀሱን አንስቼ ቆረጥኩት። ልቤ ባሌ ጋ ነበር።

ሻደይ ባለፈ ሰሞን ባሌ ጎህ ሳይቀድ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። የተኛሁ መስሎታል። በባዶ እግሬ ማለት ይቻላል፣ አንዱን ጫማ እየጎተትኩ ተከተልኩት። መናኸሪያው ውስጥ የወልድያው አውቶቡስ ሞተሩ ተነስቷል። ባሌ ወደ አውቶቡሱ ሲያመራ ከቆርቆሮው አጥር ጥግ ወጥቼ ጃኬቱን ጨመደድኩት።

«ወዴት ነው? ወዴት ነው የምትሄደው?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ኧረ ልቀቂኝ!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስንቋ ነው፤ ሳልሰጣት አውቶቡሱ ሊሄድ ነው።»

«የማን ስንቅ?»

ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። እህቴ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ተቀምጣለች።

«እሱን አትቆጪው» አለችኝ። «አትንገራት ያልኩት እኔ ነኝ። ብታውቂ አትለቂኝም ነበር።»

እውነቷን ነው። ቦርሳውም ደላላውም የሷ ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ ባሌን ስጠብቅ የከረምኩት እሷ ጠብቂው ስላለችኝ ነው። በፀጉሯ ጎትቼ ላወርዳት አማረኝ፤ እጄ ግን አሁንም የባሌን ጃኬት እንደጨበጠ ነበር።

ረዳቱ በሩን መታ መታ አድርጎ «ሳበው!» አለ። ጃኬቱን ትቼ ቦርሳውን ከባሌ ትከሻ ነጠቅኩት። ልከለክላት ይሁን ልሰጣት ለራሴም አልታወቀኝም። ውስጡ ያለው በሶ ይከብዳል። ስንቋን ብቀማት ትወርድ ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁት፤ ተርባም ቢሆን ትሄዳለች። ቦርሳውን ወደ መስኮቱ አነሳሁላት። ስትቀበለኝ እጄን አብራ ያዘችው። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ ጥቂት አብሬ ሮጥኩ።

«ልቀቂኝ እቴ፣ ትወድቂያለሽ» አለችኝ እያለቀሰች።

ለቀቅኳት።