ጨረቃ ላይ «አረፉ»

ባለፈው ሰሞን ቴሌቪዥናችንን በነጠላ ጫማዬ ልመታው ምንም አልቀረኝም ነበር። መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ስታርፍ በቀጥታ እናሳያችኋለን እያሉ ከጠዋት ጀምረው ሲያስታውቁ ዋሉ። እኔና ወንድሜ እንድሪስም አምነናቸው፣ ከሚሴ እሱ ቤት ሳሎን ውስጥ ተጎልተን ጠበቅን። ሰዓቱ ሲደርስ የመጣልን ግን ጨረቃ ሳይሆን ክራባት ነው። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ፤ መንኮራኩሯ የቴምብር ያህል ሆና ጥግ ላይ ተወሽቃለች። አንዱ ስለ ሰው ልጅ ብልሃት ይተነትናል፣ ሌላው «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ይላል፣ አቅራቢው ደግሞ የጠየቀውን ራሱ ይመልሳል። እባካችሁ ዝም ብላችሁ አሳዩን! ለማን እንደምጮህ አላውቅም፤ ብቻ እጮሃለሁ።

እንድሪስ አይጮህም። ሰባውን ካለፈ ቆይቷል፤ እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያል። በእሱ ፈንታ የምናደደው እኔ ነኝ። ለምን እንደምናደድ የሚገባው በስልሳ አንድ ክረምት ከሚሴ የነበረ ሰው ነው።

ልጅ ሳለሁ ከሚሴ ማለት ከደሴ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ። ሐምሌ ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል፣ ቦርከና ሞልቶ ማታ ማታ ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማል፣ ማሽላው ዝናብ ጠጥቶ የሚሰጠው ሽታ ደግሞ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እኛ ልጆች ጭቃ ሸሽተን በአጎቴ በአሊ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ በከሰል መስመር እያሰመርን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወት ነበር። ከውስጥ የቅርንፉድ ሻይና የቦምቦሊኖ ዘይት ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅሙት ሰዎች ሰሌን ላይ ጋደም ብለው ሬዲዮ ይሰማሉ። ሬዲዮኑ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ጥልፍ ጨርቅ ተከናንቦ እንደ ሙሽራ ይቀመጣል፤ ከአጎቴ በቀር ማንም አይነካውም።

አባታችን የሞተው እኔ ገና ጡት ሳልጥል ነው። ለእናታችን የቀረናት እንድሪስና እኔ ብቻ ነበርን። እንድሪስ ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰ፣ ማንንም ሳያማክር ቢሾፍቱ ለሚሰጥ የአውሮፕላን ትምህርት ተፈትኖ አለፈ። በዚያ ክረምት አውሮፕላን በከሚሴ ሰማይ ሲያልፍ ሳየው ወንድሜ የነዳው እየመሰለኝ እጄን አውለበልብ ነበር። እማ ግን እንቅልፍ አጣች። ብረት ሰማይ ላይ የሚቆመው እስከሚወድቅ ድረስ ነው ባይ ነበረች።

ከዚያ ሰዎች ወደ ጨረቃ ሊሄዱ ነው የሚለው ወሬ መጣ። እማ ሻይ ቤት በር ላይ ቆማ ዜናውን ሰማች፤ ማታ እንድሪስን ጠርታ ቁርጡን ነገረችው። «እነዚያ ሰዎች ጨረቃ ላይ በሕይወት ከወረዱ፣ አንተም ሂድ፤ ዱዓ አድርጌ እሸኝሃለሁ። ካልወረዱ ግን ወላሂ፣ ከዚህ ንቅንቅ አትልም» አለችው። እንድሪስ ሳቀ። ደስ ብሎት እጇን ስሞ፣ ሐሳቧ እንዳይለወጥ ፈጥኖ ወጣ። አውቶቡሱ ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ሳንዱቁን አዘጋጀ፣ እኔም ሸሚዞቹን አጣጠፍኩለት።

ሰኞ ቀን ሻይ ቤቱ መርፌ መጣያ ቦታ አልነበረውም። እማ እንደ ሌላው ጊዜ በር ላይ አልቆመችም፤ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘሀራ ጋር ገብታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ እግሯ ሥር ነኝ። አጎቴ ጨርቁን ገለጠ፣ ሬዲዮኑ አጉረመረመ፣ የዜና አንባቢው ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ሰውዬ ድምፁ ወፍራምና የተከበረ ነው። ሰርግም ያንብብ ቀብር፣ ድምፁ ያው ነው። «ሁለቱ የጠፈር ተጓዦች ጨረቃ ላይ አረፉ» አለ። ሌላ ምንም ሳይጨምር ቀዝቃዛ ሙዚቃ ለቀቁ፤ ትልቅ ሰው ሲሞት የሚለቀቀውን የመሰለ።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ «በደህና» አላለም። «ወረዱ» አላለም። ጨረቃ ላይ ምን እንዳዩ፣ መሬቱ አፈር ይሁን ድንጋይ፣ ምን እንደተናገሩ፣ አንዲትም ነገር አልነገረንም። አረፉ ብቻ! በዚያ ሬዲዮ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ አረፉ የተባለ ሰው ሁሉ ተቀብሯል።

እማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አማርኛ እምብዛም የማይገባት እትዬ ዘሀራ «ማል ጀዴ?» ብላ ምን እንዳለ ጠየቀቻት። እማም ቃሉን እንዳለ ወደ ኦሮምኛ መልሳ «ቦቆተን» አለቻት፤ አረፉ ማለት ነው፣ ለሞተ ሰውም ይባላል። እትዬ ዘሀራ ወደ በሩ ዞራ ውጭ ለቆሙት ሴቶች «ዱአን!» ብላ አሰማች፤ ይኼኛው እንኳ ሞቱ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ሰዎቹ በሁለት ሴቶች አፍ ከጨረቃ ወደ መቃብር ወረዱ። ከወዲያም ከወዲህም «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ተባለ። አንድ ሽማግሌ ሰሌናቸው ላይ እንደተጋደሙ፣ «ኧረ ለመሆኑ እዚያ ላይ ሆኖ ወደ መካ መዞሪያው ቂብላ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልሳቀም።

እንድሪስ ሰው እየገፈተረ ወደ እማ መጣ። «አረፉ ማለት እኮ ወረዱ፣ ተቀመጡ ማለት ነው፣ እማ! ወፍ ዛፍ ላይ አረፈች አይባልም?»

«እኔን አማርኛ ልታስተምረኝ ነው?» አለችው። «አምና እኚያ ባላባት አረፉ ሲባል ዛፍ ላይ ወጥተው ነበር?»

ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ጫት የሚቅሙት በአብዛኛው ከእንድሪስ ጋር ሆኑ፣ ሴቶቹ ከእማ ጋር። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አስተማሪዎቹ ወደየአገራቸው ሄደዋል፤ እንግሊዝኛ ሰምቶ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። የቀረው የማታውን ዜና መጠበቅ ነው። ችግሩ ሬዲዮኑ ሰሞኑን ሙሉ ሲሰማ ከርሞ ባትሪ ድንጋዮቹ ደክመዋል። በበጋ ቢሆን ፀሐይ ላይ አስጥተን እናነቃቸው ነበር፤ በሐምሌ ፀሐይ ከየት ይመጣል? አጎቴ የሻይ ምድጃው ዳር ደርድሮ አሞቃቸው። እንድሪስ እንዳይቃጠሉ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ እያገላበጠ ዋለ፤ እኔም አብሬው።

ማታ ዜናው ጀመረ። ሰውዬው ደስታቸውን የገለጹ መሪዎችን ስም ከነማዕረጋቸው ማንበብ ያዘ። የእገሌ አገር ንጉሥ፣ የእገሌ አገር ፕሬዚዳንት፣ የላኩት መልእክት፣ የመልእክቱ ሙሉ ቃል። አንድ ማዕረግ ተነቦ ሳያልቅ ሌላው ይተካል። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። እንድሪስ ጆሮውን ከሬዲዮኑ ጋር አጣብቆ «ወደ ሰዎቹ ግባ፣ ስለ ሰዎቹ ንገረን» እያለ ይለምነዋል። በመጨረሻ «የጠፈር ተጓዦቹም» ሲል ሰማን፤ ከዚያ ፀጥ አለ። አጎቴ ድንጋዮቹን አውጥቶ ነከሳቸው፣ መልሶ ከተታቸው። ሬዲዮኑ አልተነፈሰም። ደስታቸውን የገለጹትን ሁሉ አውቀን ምን እንዳስደሰታቸው ሳናውቅ ቀረን። እማ ደግሞ ደስታ የሚለውን ከነጭራሹ አልሰማችም፤ «መሪዎች መልእክት የሚልኩት ለቅሶ ሲሆን ነው» ብላ ተነሥታ ወደ ቤት ሄደች።

ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመ። እንድሪስ ሳንዱቁን ይዞ ወጣ። እማ እህል ሳትቀምስ አድራ፣ በር ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። አልከለከለችውም፣ አልተቆጣችውም፣ ብቻ ቀና ብላ አየችው። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ረዳቱ «ትሄዳለህ አትሄድም?» አለው። ወንድሜ ሳንዱቁን ጭቃው ላይ አስቀመጠና እላዩ ላይ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ሸሚዞቹን ያጣጠፍኩት እኔ ነበርኩ፤ የምዘረጋቸውም እኔ መሆኔ አንገበገበኝ።

ጁምዓ ዕለት፣ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሹፌር ጋዜጣ አመጣ። ፎቶው ላይ ሰዎቹ አሉ። እማ ጋዜጣውን ተቀብላ ገልብጣ ያዘችው፤ አቃናሁላት። ብዙ ጊዜ አየችውና «ይስቃሉ እንዴ?» አለች። ቀጥላም ጭንቅላቷን ይዛ «እንዲህ ናቸው አይልም ነበር? ደህና ናቸው ቢል ምላሱ ያጥረው ነበር?» ብላ ጮኸች። በዚያው ቀን እንድሪስን በጭነት መኪና አሳፍራ ላከችው። ከነሳንዱቁ ተመለሰ። ምዝገባው ተዘግቷል ብለውታል።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለስ ኖረ። ጎበዝ ሹፌር ነበር፤ ያም ሆኖ አውሮፕላን ሲያልፍ መኪናውን አቁሞ እንደሚያይ ረዳቶቹ ነግረውኛል። እማ ሬዲዮኑን እስክትሞት ድረስ ይቅር አላለችውም። አረፉ የሚል ቃል በሰማች ቁጥር «የቱን ማረፍ?» ትላለች። ቤታችን ውስጥ ሕግ ወጣ፤ መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ መልእክት ሲልክ «በደህና» ይበል ተባለ። «እንድሪስ ባቲ በደህና ገብቷል» እያሉ ስንት ሹፌሮች በራችን ላይ ጡሩምባ ነፍተዋል። ሌላ ነገር ቢረሱ በደህናን አይረሱም፤ እማ ሻይ የምታጠጣው ለዚያች ቃል ነበር።

እኔ ደሴ አግብቼ ስኖር አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። እንድሪስ ነው። «ሐዋ፣ እማ አረፈች» አለኝ። መጠየቅ አልቻልኩም፣ ስልኩን መዝጋትም አልቻልኩም። ምን እንደምጠብቅ ገባው መሰለኝ፣ «በደህና» አለ። «ሱብሒን ሰግዳ፣ በደህና።»

እና ባለፈው ሰሞን፣ ያ ሬዲዮ ከጠፋ ከስንት ዘመን በኋላ፣ የግድግዳ ያህል ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠናል። መብራቱ አልጠፋም፣ ባትሪ አላለቀም፣ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። መንኮራኩሯ እየወረደች ነው። እንድሪስ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ፊት አዘንብሏል። አቅራቢው «አሁን እጅግ ወሳኝ ደቂቃ ላይ ነን» አለና ለማስታወቂያ ቆረጠው። የልብስ ሳሙና አረፋውን ደፍቆ ታየ፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚሸጥ አፓርታማ። ስንመለስ ክራባቶቹ እያጨበጨቡ ነው። «ውድ ተመልካቾቻችን፣ መንኮራኩሯ ጨረቃ ላይ አርፋለች» አሉን። ይህ ለአገራችን ወጣት ምን ትምህርት ይሰጣል ወደሚለው ውይይት ለመግባትም አልዘገዩም።

ወንድሜ ከቴሌቪዥኑ ዞር ብሎ እኔን አየኝ።

«በደህና?» አለኝ።

እኔም የሰማሁት ያንኑ ነው። አርፋለች።