የማይነካው ግድግዳ

ጎንደር ውስጥ ያደግሁበት ቤት ሦስቱ ግድግዳ የጭቃ ነው፤ አንደኛው ግን የድሮ ግንብ ነው። የየትኛው መኳንንት አዳራሽ እንደነበረ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። አያቴ ቤቱን ሲሠራ ግንቡን አስደግፎ ሠራው፤ ያን ጊዜ የሚከለክለው አልነበረም። በኋላ ግንቡ ጥበቃ የሚደረግለት ቅርስ ነው ተባለና ከበራችን አጠገብ ምልክት ተተከለ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ማፍረስ ምስማር መምታትም ክልክል ሆነ።

ችግሩ የመጣው ከግንቡ አናት ላይ በበቀለ ሾላ ነው። ዘሩን ወፍ አምጥታው ይሆናል። ልጅ ሳለሁ ከቀንበጥ የማይበልጥ ነበር፤ አስተማሪ ሆኜ ወደ ኮላ ድባ ስሄድ ግን ሥሩ ድንጋዮቹን እየፈለቀቀ እስከ ወላጆቼ አልጋ ራስጌ ወርዶ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ አባቴ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ እጄን ይዞ ወደ ስንጥቁ ይወስደኛል።

«እይው እስቲ፤ አሁን ጣቴ ሙሉውን ይገባል» ይለኛል።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መንገድ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽበት ከመኪናው ሥር ተንጋሎ ገብቶ ሳያበጅ የማይወጣ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ቀን መጥረቢያውን ይዞ መሰላል አቆመ። ጎረቤታችን አይቶት እየሮጠ መጣ።

«ኧረ አያ፣ በስተርጅና ሊታሰሩ ነው? ይውረዱ!»

ወረደ። በማግስቱ ቅርሱን ወደሚጠብቀው መሥሪያ ቤት አብረን ሄድን፤ አንድ ወጣት ባለሙያ ተከትሎን መጣ። ትሑት ልጅ ነው። ፎቶ አነሣ፣ ግንቡንም በመዳፉ ዳሰሰ። እናቴ በርጩማ አቀረበችለት፤ አልተቀመጠም።

«ልጄ፣ ሾላውን እንቁረጠው?» አለው አባቴ።

«አይሆንም አባቴ። ከተቆረጠ ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብስና ግንቡ ይናዳል።»

«እንግዲያው እንተወው?»

«ከተተወም እየወፈረ ይገፋዋል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ድንጋዩ አንድ በአንድ ተፈትቶ በኖራ እንደገና መገንባት አለበት። ጥያቄ አቅርበናል። መንገዱ ሰላም ሲሆን አጥኚዎቹ ይመጣሉ።»

«መቼ?» አልኩት እኔ፤ ተናድጄ ነበር።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «እኔም አላውቅም እኅቴ» አለ። ይህን ሲል ፊቱን አይቼ ንዴቴን የማሳርፍበት ሰው አጣሁ።

ከሳምንት በኋላ ልጁ የባሕር ዛፍ አጣና በጋሪ አስጭኖ መጣ። ማንም አላዘዘውም። እሱና አባቴ ግንቡን በአጣናው ደገፉት። እስከ ማታ ሲቆፍሩና ሲያስተካክሉ ዋሉ፤ እናቴም ራት ሳታበላ አልሸኘችውም። ሐምሌ ሲገባ ግን መሬቱ ረሰረሰና አጣናዎቹ ቁልቁል ሰመጡ። እናቴ «ተነሥተን ልጃችን ዘንድ እንሂድ» ብትል፣ አባቴ «ቤት ጥሎ መሄድ ምን ማለት ነው?» እያለ እንቢ አለ። አልጋውን ግን ከግንቡ እንዲያርቅ ለመንሁት። የሚርቅበት ቦታ አልነበረም፤ ክፍሉ ያው አንድ ነው።

ነሐሴ ላይ ተኩስ ተነሣ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክም ጠፋ። እኔ ኮላ ድባ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮዬን መደብደብ ሲጀምር ተነሥቼ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ቆሜ ግን ምንም አላደርግም። ወደ ጎንደር በኩል ያለው ሰማይ ጠቁሮ ይታየኛል። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ እሄዳለሁ። ረዳቶቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ገና ሳልጠይቃቸው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ዛሬም የለም።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ገባሁ። ሰፈራችን ስደርስ ከጣሪያችን በላይ ይታይ የነበረው ሾላ የለም። ወደ በራችን ሮጥሁ። እናቴ ከጎረቤት ቤት ወጥታ አቀፈችኝና «አለን፣ አለን፣ ማንም አልተነካ» አለችኝ። ግንቡ የወደቀው በቀትር ነው። እሷ ለቅሶ ቤት ነበረች፤ አባቴ ደግሞ ዝናቡ አባርቶለት ደጅ ወጥቶ ነበር።

ቤት ውስጥ ገባሁ። ሾላው ከነድንጋዩ አልጋው ላይ ተጋድሟል። አባቴ ጥግ ላይ ቆሞ ያያል።

«ምነው አባዬ፣ ዕቃውን እንኳ አታወጡም ነበር?»

«ልጁ መጥቶ አይቶታል። ድንጋዮቹ እንደወደቁ ተመዝግበው ነው መልሰው የሚገነቡት፤ እስከዚያ እንዳይነኩ ብሎ ለመነኝ።» ከዚያም «አለቀሰ እኮ» አለኝ።

የእናቴ ጋቢ ጫፍ ከድንጋዮቹ ሥር ይታየኝ ነበር። ክልከላውን ረስቼ ሳብሁት፤ አልወጣም። የላይኛውን ድንጋይ በሁለት እጄ ያዝሁ። ንቅንቅ አላለም። አባቴ ሊያግዘኝ ጎንበስ አለ፤ አብረን ሞከርን፣ አልቻልንም። ትተነው ወጣን።

አሁን ወላጆቼ ኮላ ድባ ከእኔ ጋር ናቸው። ባለሙያው አልፎ አልፎ ይደውላል። አዲስ ነገር ስለሌለው ጤናችንን ጠይቆ፣ «አልተረሳም» ብሎ ይዘጋል። በቅርቡ አባቴ ልየው ብሎኝ ወሰድሁት። በድንጋዮቹ መካከል ሣር በቅሏል። ክምሩ አንሶ ታየኝ፤ ሰው ወስዶት እንደሆነ አባቴን አልጠየቅሁትም። ዳር ዳሩን ዞሮ አየና «እንሂድ» አለ።

ስንመለስ በመኪናው መስኮት በኩል አስቀመጥሁት። አዘዞ ደረስን። እዚያ መኪናው ሰው ለመጫን ሲቆም ወደ እኔ ዞረና «ለእናትሽ ብርቱካን ግዢላት» አለኝ። ወርጄ ገዛሁ።