ወባ ያልነበረ ትኩሳት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሆስፒታሉ ጣሪያ የነበረው በግማሹ ላይ ብቻ ነው። አንደኛው ክንፍ በጦርነቱ ተመትቶ ሰማይ ያይ ነበር። በሌላኛው ክንፍ ሕሙማን ተኝተው ከበላያቸው ሠራተኞች ቆርቆሮ ይመታሉ። ባለቤቴ በአየር መንገድ ቢሮ ተመድቦ ሐርጌሳ ስንገባ፣ እኔ አዲስ አበባ በልብ ክፍል ነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቼ ነበር። ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም።

የተቀበሉኝ ዶክተር ሙስጠፋ ናቸው። ጅግጅጋ ያደጉ፣ አዲስ አበባ የተማሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም። ከመጋዘን አንድ ካርቶን አስወጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

«ሲስተር ዘነበች፣ ይኼ በእርዳታ የመጣ የኢሲጂ ማሽን ነው። የሚያሠራው ጠፍቶ ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም። ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው።»

«ወረቀት አለው?»

«ትንሽ።»

«ጄልስ?»

«ጄል የለም።»

መያዣውን ከቆዳ በሚያገናኘው ጄል ፈንታ በጨው ውኃ በነከርኩት የቁስል ሻሽ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን በሽተኛ አስተኝቼ የእጅና የእግር መያዣዎቹን አሰርኩ፣ የደረቱን መምጠጫዎች በየቦታቸው ለጠፍኩ፣ የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚሥለውን ማሽን አበራሁ። የወጣው መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ የተንቀጠቀጠ ነበር። የልብ ምቱ ከውስጡ አይለይም። ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የሕንፃው ነው፤ የኤሌክትሪኩ መስመር ግራውንድ፣ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ አልነበረውም።

ያንን ያስተካከለልን ያሲን ነው። በሃያዎቹ አጋማሽ ያለ ቀጭን ኤሌክትሪሺያን፣ ከሥራ ጓደኛው ከጉሌድ ጋር የሆስፒታሉን ሽቦ ሁሉ እንደ አዲስ ይዘረጋ ነበር። ከክፍሌ መስኮት ሥር ጉድጓድ ቆፍረው የመዳብ ዘንግ ቀበሩ፣ ጨውና ከሰል ጨመሩበት። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው መስመር ጠራ። ያሲን ቤተሰቡ ተሰዶ የኖረው ድሬዳዋ ስለነበር አማርኛው የድሬ ነው፤ በዕድሜ ብበልጠውም ገና በመጀመሪያው ቀን «አንቺ» አለኝ። ሐርጌሳ ውስጥ እንደ ዘመድ ያናገረኝ የመጀመሪያ ሰው እሱ ነው።

አንድ ጠዋት ያሲን በገዛ እግሩ ሳይሆን በጉሌድ ትከሻ ተደግፎ መጣ። ትኩሳቱ ከፍተኛ ነው። ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል፣ ሲተነፍስ ደረቱን ይወጋዋል። ጉሌድ «ወባው ነው፣ በየጊዜው ይነሣበታል» አለን። ደሙ ሲታይ ወባ የለውም። ሆዱ ላይ የኦፕራሲዮን ጠባሳ አለ፤ ድሬዳዋ ትርፍ አንጀት ነው ብለው አውጥተውለታል። ያም አላዳነውም። በሁለት ሦስት ቀን ትኩሳቱ በራሱ ጠፋና ያሲን ተነሥቶ ወደ ሽቦው ተመለሰ።

ዶክተር ሙስጠፋ ግን ነገሩን አልተዉትም። ከልጅነቱ ጀምሮ ያለውን ጠየቁት። ትኩሳቱ መምጣት የጀመረው ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው። እኅቱ ሰልማም አልፎ አልፎ ይነሣባታል። አባትና እናቱ የአጎት ልጆች ናቸው፤ አያቶቻቸው ከየመን የመጡ ነጋዴዎች። ዶክተሩ መጽሐፋቸውን አገላብጠው ስሙን አሳዩኝ፦ የሜዲትራኒያን የቤተሰብ ትኩሳት። ወላጆች ራሳቸው ሳይታመሙ ለልጅ የሚያወርሱት፣ ሰውነት ያለ ምንም ተሕዋስ የሚቆጣበት በሽታ ነው። መድኃኒቱ ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲን ነው። ሐርጌሳ ስላልነበረ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ያስመጣ ጀመር።

ለያሲን ኢሲጂ ያነሣሁለት ያኔ ነው። ልብ ከመታ በኋላ ለሚቀጥለው ምት የሚዘጋጅበት ጊዜ አለው፤ በወረቀቱ ላይ ኪው ከምንለው ነጥብ ቲ የምንለው ሞገድ እስከሚያልቅበት እንለካዋለን። ያ ጊዜ ከልክ በላይ ሲረዝም ምቱ ድንገት ይምታታል፤ ልብ ደም መርጨት ያቆምና ሰው ይወድቃል። የያሲን ረዝሟል። ማስመሪያዬን ይዤ ደጋግሜ ለካሁ። ዶክተሩም ለኩ። ያው ነው።

«የዓመታት ብግነቱ ልቡን ነክቶት ይሆናል፣ ወይም ሌላ ምክንያት ይኖረዋል። እርግጠኛ ነኝ አልልሽም» አሉኝ። «እርግጠኛ የሆንኩት በአንድ ነገር ነው። ይኼን ጊዜ ይባስ የሚያስረዝም መድኃኒት አፉ መግባት የለበትም። ሃሎፋንትሪን በተለይ።»

ሃሎፋንትሪን የወባ መድኃኒት ነው። ያን ጊዜ በየፋርማሲው ያለ ማዘዣ ይሸጥ ነበር። ትኩሳት ያለው ሁሉ ወባ ነው በሚባልበት አገር፣ በየወሩ የሚያተኩሰው ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው እሱን ነው።

ዶክተሩ የያሲንን አባት ሐጂ ዑመርን አስጠሩ። ሐጂ ሲሚንቶና ብረት የሚሸጡ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው አዛውንት ናቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ዶክተሩ ሌሎቹ ልጆች ይመርመሩ፣ ያሲን የማይወስደውን መድኃኒት የሚገልጽ ካርድ ይያዝ፣ አብረውት የሚሠሩም ይወቁ ሲሉ ፊታቸው ተለወጠ።

«የዘር በሽታ ነው የምትለኝ?»

«በዘር የሚወረስ ነው፣ ሐጂ። ግን መድኃኒት አለው።»

«አራት ሴት ልጆች አሉኝ። ሰልማ ታጭታለች። ይቺ ቃል ከዚህ ክፍል ከወጣች ማን በሬን ያንኳኳል? አላህ ያመጣው ትኩሳት ነው፣ አላህ ይወስደዋል። ካርድ የሚባል ነገር የለም።»

ወደ ያሲን ዞርን። የራሱን ጉዳይ ራሱ የሚወስን ጎልማሳ ነው። ዓይኑን ከአባቱ ላይ ሳያነሣ «አባቴ እንዳለው» አለ።

አባቱ ከወጡ በኋላ ያዝኩት። «ለጉሌድ ብቻ እንኳ ንገረው። አብራችሁ ነው የምትውሉት።»

«ጉሌድ ጥሩ ሰው ነው፤ አፉ ግን አይዘጋም። ሰልማ ትዳሯን ትያዝና ለሁሉም እነግራለሁ፣ ኢንሻአላህ። አንቺ አትጨነቂ።»

ኮልቺሲኑን መውሰድ ጀመረ። ትኩሳቱ ራቀው። ትንሽ ሥጋም አበጀ። ከዚያ ቡርዖ ከተማ የአንድ ትልቅ ቤት ሥራ አገኘና ከጉሌድ ጋር ሄዱ።

አስከሬኑ እንኳ ወደ ሐርጌሳ አልተመለሰም። እዚያው በዕለቱ ተቀበረ። ወሬው ቀድሞን ከተማውን ሞላው፦ ያሲንን ኤሌክትሪክ ገደለው፤ ጉሌድ ሳያይ ቆጣሪውን ከፍቶበት ነው።

ጉሌድ ሆስፒታል የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ዶክተሩና እኔ ባለንበት በሶማሊኛ ነገረን፤ ያኔ እኔም ቋንቋውን እሰማ ነበር። ያሲን ምንነቱን ሳይነግረው ይውጠው የነበረው ክኒን፣ ኮልቺሲኑ መሆኑ ነው፣ አልተስማማውም፤ ሆዱን እያስቀመጠው፣ በሥራው ቦታ ደግሞ ሽንት ቤት ስላልነበረ፣ ተወው። ትኩሳቱ ተመለሰ። ጉሌድ የጓደኛውን ማቃሰት መስማት አልቻለም፤ ፋርማሲ ሮጦ «ጓደኛዬን ወባ ያዘው» አለ። የተሰጠውን ክኒን በእጁ አስዋጠው። በማግስቱ ያሲን ተሽሎኛል ብሎ ተነሣ። የሽቦ ቱቦ ግድግዳ ላይ እያሰረ ሳለ ምንም ሳይናገር ወደቀ።

«ቤቱ ገና መብራት አልገባለትም ነበር!» አለ ጉሌድ። «ከምሰሶ የተዘረጋ ሽቦ የለም። ምኑን ነው የምከፍትበት? ማንም ሄዶ ይይ። ማንም አይሄድም።»

ዶክተሩ ቡርዖ ለሚያውቁት ሐኪም ስልክ ደወሉ። እሱም ፋርማሲውን ጠይቆ መለሰላቸው። ስልኩን ሲያስቀምጡ «ሃሎፋንትሪን ነው» አሉኝ። ማረጋገጫ ግን የለንም፤ ሲወድቅ ልቡን ያየ መሣሪያ አልነበረም።

ጉሌድ የዳሚ ልጅ ነው፤ በጎሳቸው የተናቁ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። የዳሚ ሰው ተከሶ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ከኋላው የሚቆምለት የለም። የያሲን ዘመዶች ሽማግሌ ፊት ከሰሱት፣ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። የያሲን የአጎት ልጆች ባገኙት ቦታ ይዝቱበት ነበር። ሐጂ ዑመር የልጃቸውን ሕመም እያወቁ፣ ለቅሶ ለሚመጣው ሁሉ «ኤሌክትሪክ ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው» ይላሉ።

ዶክተር ሙስጠፋ የበሽተኛ ምስጢር ከሞት በኋላም ምስጢር ነው የሚሉ ሰው ናቸው። «ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አፌን መክፈት አልችልም» አሉኝ። ስለዚህ ፈቃዱን ለመጠየቅ አብረን ወደ ቤታቸው ሄድን። 26 ጁን ሰፈር ነው፤ አዲስ የተገነባ፣ ኖራው ያልደረቀ ቤት። ሰልማ ሻይ አቀረበችልን።

ዶክተሩ ረጋ ብለው ሁሉንም አስረዱ። ሐጂ አቋረጧቸው። «ልጄ ሞቷል። አሁን ስሙን ልታጠፋው ነው የመጣኸው?»

እኔ ነኝ ያልቻልኩት። «ሐጂ፣ ስሙ እየጠፋ ያለው የጉሌድ ነው።»

«ጉሌድ ማነው?»

እንዲህ ነው ያሉት። ልጃቸውን በትከሻው ተሸክሞ ሆስፒታል ያመጣውን ሰው።

ሰልማ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ነበር። የሰፈሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፣ ድምፅዋ ከክፍል ውጭ ከፍ አይልም። «አባ፣ እኔም ያመኛል» አለች። «አንተም ታውቃለህ። እኔስ ስወድቅ ማንን ነው የምትከስሰው?»

ሐጂ ውጪ አሏት። ወጣች። የሄደችው ግን ወደ ጓዳ አልነበረም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደሆኑት ወደ ታላቅ አጎቷ ቤት ነበር። የሟች እኅት ነኝ፣ ሐኪሙ እንዲናገር እኔ ፈቅጃለሁ አለቻቸው። አጎቷ ዶክተሩን አስጠሩ። ዶክተር ሙስጠፋ በሽማግሌዎች መካከል ተቀምጠው የሚያውቁትን ተናገሩ፤ የማያውቁትንም አላውቅም አሉ። ጉሌድ ከክሱ ነጻ ወጣ።

ነጻ የወጣበት እውነት ግን የከፋ ነበር። በማግስቱ የሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ሲስተር፣ ክኒኑን የገዛሁለት እኔ ነኝ።»

«አላወቅህም፣ ጉሌድ።»

«ውኃውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። አብረን በላን፣ አብረን ተኛን። ለኔ ለምን አልነገረኝም? የዳሚ ሰው ስለሆንኩ ነው?»

አይደለም አልኩት። ስለ ሰልማ ትዳር እንደሆነ ነገርኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም። ብዙም ሳይቆይ ጓዙን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሄደ አሉ፤ ከዚያ ባሕር ተሻገረ የሚሉም አሉ። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው አላጋጠመኝም።

የሰልማ ትዳር አልሆነም። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሁለት ሴቶች ልከው፣ በጨዋ አነጋገር፣ ሐሳባቸውን እንደለወጡ አስታወቁ። እሷ ኮልቺሲኗን ትወስዳለች፣ ታስተምራለች። በየጊዜው እየመጣች ኢሲጂ አነሣላታለሁ። የሷ ጊዜ አልረዘመም። አንድ ቀን መያዣዎቹን ስፈታላት «ያሲን ከኔ ሠርግ በኋላ ሊናገር ነበር አይደል?» አለችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ፋይሏ ውስጥ ከተትኩት።

ሐጂ ዑመር ከዓመት በላይ ቆይተው ሦስቱን ትንንሽ ልጆች ራሳቸው አመጧቸው። አንዷ በሽታው ተገኘባት፣ መድኃኒት ጀመረች። ሥራዬን እስክጨርስ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጠው የሚወጣውን ወረቀት ይመለከቱ ነበር።

«ይኼ መኪና ያሲንን አይቶት ነበር?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«እና ምን አለ?»

«ያለውን ያኔ ነግረንዎታል።»

አንገታቸውን ደፉ። ላጽናናቸው ይገባ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ግን መያዣዎቹን ማጽዳት ጀመርኩ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራውን ለምትረከቡ ያለኝ ይኼ ነው። ትኩሳት እየተመላለሰበት የመጣን ሰው ስለ ወንድሞቹና እኅቶቹ ጠይቁት። የወባ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ደሙን እዩ፣ ማሽኑ ካላችሁ ልቡንም እዩ። የከለከላችሁትን መድኃኒት ስም ለበሽተኛው ብቻ ነግራችሁ አትሸኙት። አብሮት የሚውለው ሰው ካላወቀ፣ በታመመ ቀን ያንኑ መድኃኒት ገዝቶ የሚያመጣለት እሱ ነው።