ሦስቴ ካልተጠራሽ አቤት አትበዪ

ባለፈው ነሐሴ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ሚኒባሳችንን ዋጠው። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ፣ ጥሩንባውን እያከታተለ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ አጠገቤ የተቀመጡት የገጠር ሴትዮ የደረቡት ባና ዝናብ ጠጥቶ ኖሮ፣ ያ የራሰ የበግ ጠጉርና የኩበት ጢስ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና አርባ ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ። ሌላ ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ፈገግ ይላል፤ እኔን ብርድ ብርድ ይለኛል። የምሄደው ደግሞ የወንድሜን ሚስት ሐዋን ልጠይቅ ነበር። ታማለች፣ ብዙም አትቆይም ተብሎ ተልኮብኛል፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አንቆ የያዘኝን አንድ ነገር ሳልነግራት እንዳትሞትብኝ ፈርቻለሁ።

ያደግኩት ኩታበር አካባቢ፣ ሸለቆ አፋፍ ላይ በተቀመጠ ግቢ ነው። ክረምት ሲገባ ዓለም ማለት አንድ ቤት፣ አንድ ጎጆና አንድ አጥር ብቻ ይሆናል። ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ መጀመሪያ የድንች ማሳውን፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፎቹን፣ በመጨረሻ የገዛ አጥራችንን ይሸፍነዋል፤ ዶሮዎቹ የመሸ እየመሰላቸው ገና በቀትር ቆጥ ላይ ይወጣሉ፣ እናቴም «እናንተስ ታድላችኋል!» እያለች ትቀናባቸዋለች። እኛ ከላሞቹ ጋር በአንድ ጣራ ሥር፣ በትንፋሻቸው እየሞቅን፣ አባቴ ጠፍር ሲያለፋ፣ እናቴ ቅል ስትንጥ፣ እኔ የባቄላ ቆሎ ስቆረጥም ቀኑ ያልቃል። ለቁንጫው ክረምት ሠርጉ ነበር። ፀሐይ ሳናይ ሳምንት የምንቆይበት ጊዜ ስለነበር፣ አንዳንዴ ከአጥሩ ወዲያ አገር መኖሩን እጠራጠር ነበር።

በግቢያችን የማይጣስ ሕግ ነበረ። በጉም ጊዜ ከውጭ የሚጣራ ሰው ሦስቴ ይጣራል፤ ሦስት ሳይሞላ ቤት ያለው ሰው አቤት አይልም። ለምን ቢባል፣ «ያ ነገር» የሚያውቁትን ሰው ድምፅ ተውሶ ይጣራል፣ ግን ከሁለት ጊዜ በላይ አይችልም፤ አቤት ያለውን ሰው ግን አይለቀውም። አባቴን «ያ ነገር ማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ስም ቢኖረውማ ያ ነገር እንለው ነበር?» ብሎ አፌን አዘጋኝ። እሱ ራሱ ከብት ፈልጎ ሲመለስ ከአጥሩ ማዶ ሦስቴ ተጣርቶ፣ መልስ ሰምቶ ነው የሚገባው።

በዚያ ዓመት ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ከኮምቦልቻ ሐዋን አገባ። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፣ በቆላ ፀሐይ ያደገች፣ የመጀመሪያ ቀን ጉሙን አይታ «ኧረ ምን ተቃጠለ?» ብላ የጮኸች ሙሽራ ናት። ጎረቤቱ «ይቺ የከተማ ልጅ ክረምቱን አትችለውም» እያለ ያማት ነበር፤ እሷም ሰምታለች። እኔ ግን ወደድኳት። ጠጉሬን በቫዝሊን አባብሳ ስትሠራኝ፣ ስለ ኮምቦልቻ ስታወራልኝ ከጎጆዋ አልወጣም ነበር። እንደ ደንባችን ሙሽራ የባሏንም ሆነ የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ አፏን ሞልታ የምትጠራው የእኔን ስም ብቻ ነው። አባቴም ክረምቱ ሲገባ «ሉባባ፣ የጉሙን ነገር አንቺ ንገሪያት፤ ከኔ ከአማቷ ከምትሰማው ይሻላል» አለኝ። እሺ አልኩት። አልነገርኳትም። ትስቅብኛለች፣ ባላገር ትለኛለች ብዬ አፈርኩ፤ በቃ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ሁላችንም እሳት ዳር ተቀምጠናል። ሐዋ ራሴን አመመኝ ብላ ጎጆዋ ገብታለች። ውጭው ነጭ ሆኖ ጸጥ ብሏል፣ የውሃ ጠብታ እንኳ አይሰማም። ድንገት ከድንች ማሳው በኩል፣

«ሉባባ!»

የሐዋ ድምፅ ነው። የእናቴ ቅል ቆመ። ሰይድ ቀና ብሎ ወደ ጎጆው አቅጣጫ አየ፤ የተኛች ሚስቱ ከማሳው በኩል ልትጣራ አትችልም። አባቴ አንድ ጣቱን አነሣ። ቆይቶ፣ ከመጀመሪያው ራቅ ብሎ፣ ከሸለቆው በኩል፣ «ሉባባ!» ሁለተኛ ጣቱን አነሣ። ሦስተኛውን ስንጠብቅ ላሞቹም ማመንዠካቸውን ያቆሙ መሰለኝ። ሦስተኛ አልመጣም። አባቴ «አዑዙ ቢላህ» ብሎ ወደ ጠፍሩ ተመለሰ። እኔም ዳንኩ ብዬ እፎይ አልኩ። ዛሬ ያን እፎይታዬን ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ።

ወደ ማታው፣ አስር ሰላት ላይ እናቴ ለሐዋ ወተት ላከችኝ። አልጋዋ ባዶ ነበር፤ ዶማውና ቅርጫቱም የሉም። ለካስ የሚያሟትን ልታሳፍር፣ ሳትነግረን፣ ድንች ልትቆፍር ወርዳ ኖሯል! ወተቱን ጥዬ ስጮኽ ሰይድ በባዶ እግሩ ወጣ። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሁሉም ሦስት ሦስቴ እየተጣራ ሸለቆውን አሰሰው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገደሉ ወገብ ላይ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኟት። «መንገድ ጠፋኝ» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔን አንዴ አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ወጌሻው እግሯን ጠገነው። ክረምቱንም ቻለችው፣ አራት ልጅም ወለደች። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ስም ጮክ ብላ ስትጠራ የሰማ የለም። ልጆቿን ለምሳ ስትፈልግ ሜዳ ድረስ እያነከሰች ሄዳ ትከሻቸውን ትነካለች። እኔም ከኋላዬ ድምፅ ሳታሰማ መጥታ ስትነካኝ በድንጋጤ ክው እላለሁ። ሰምተው ዝም አሉኝ ብላ የቀየመች መሰለኝ። ሕጉን ማን ሊነግራት ይገባ እንደነበር በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም፤ አባቴም አላጋለጠኝም። አድጌ ደሴ ተዳርኩ፣ ለኢድ ብቻ ብቅ እያልኩ ሸሸኋት። አባቴ ሞተ፣ እናቴ ተከተለች፣ ካቻምና ደግሞ ሰይድ፤ አላህ ይርሐማቸው። ሐዋን ልጆቿ ኮምቦልቻ አወረዷት። ግቢው ጣራው ወድቆ፣ ማሳውን ሌላ ሰው ያርሰዋል።

ሚኒባሱ ኮምቦልቻ እንዳደረሰኝ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁሉን ዘረገፍኩት። «እትዬ ሐዋ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ያን ቀን ሰምተንሻል። ሁለቴ ስትጠሪኝ ሰምቼ አቤት አላልኩሽም። ሦስቴ መጣራት እንዳለብሽም እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ።»

ትኩር ብላ አየችኝ።

«ምን ነካሽ ልጄ? አቤት ብለሽኛል እኮ።»

«ኧረ አላልኩም!»

«ከታች በኩል ነዋ፤ ድምፅሽን ተከትዬ ወረድኩ። ሲርቅብኝ ደግሜ ጠራሁሽ፣ አሁንም እየሳቅሽ አቤት አልሽኝ። ልጅ ነች፣ ስትጫወት ነው፣ አባባ ከሰሙ ይገድሏታል ብዬ ነው ለሰው ያልተናገርኩት። ከዚያ ወዲህ ግን ስም ለመጥራት አፌ አልደፍር አለ።» እጄን ያዘችኝ። «ደግሞስ አንቺን ያኔውኑ ነው አውፍ ያልኩሽ።»

ወላሂ እኔ አይደለሁም ብዬ ማልኩላት። እያባበለችኝ «እሺ፣ እሺ» አለች፤ እንዳላመነችኝ ግን ዓይኗ ላይ አየሁ። በመስከረም ሞተች። እሳት ዳር አብረውኝ የነበሩት ሦስቱም ከእሷ በፊት አፈር ለብሰዋል። ያን ቀን አፌን እንዳልከፈትኩ የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው በዱንያ ላይ አልቀረም።