የስርጉት ፈተና በሰሊጥ ማሳ

ሸጋው ክፉኛ ግራ የገባው ሰሊጡ ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን፣ ልጁ ስርጉት ገንዳ ውሃ ከተማ ከአውቶቡስ በወረደች ማግሥት ነው።

ሶሲዮሎጂ የሚሉትን ትምህርት ለዶክትሬት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ አንድ ዓመት ክፍል ገብታ ተማረች፤ ይኼ ገባው። ቀጥሎ የተማረችውን ሁሉ አጠቃሎ የሚጠይቅ ፈተና ተፈተነች። አለፈች ሲባል ሸጋው ሙክት አርዶ ጎረቤት ጠራ። ለካ ሙክቱ ተቻኩሎ ነው የታረደው፤ ገና ምን እንደምታጠና ጽፋ መምህሮቿ ፊት መከራከር ነበረባት። ተከራከረች፣ እሱንም አለፈች። ይህን ሁሉ አልፋ አሁን የላኳት ወዴት ነው? ወደ አባቷ ማሳ፣ የቀን ሠራተኞቹን ስለ ኑሯቸው ልትጠይቅ።

«አንች ልጅ፣ ከዚያስ?» አላት።

«የነገሩኝን እጽፋለሁ። ጽፌ ስጨርስ ደግሞ ፈታኞች ፊት እቀርባለሁ።»

አባረዋት እየደበቀችኝ ይሆን? ሲል አሰበ። ሰው ይህን ያህል ተምሮ ፊደል ያልቆጠረ ሠራተኛ የሚጠይቅበት ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ልጁ ልትወድቅ መሰለው። እሷ ሳትሰማ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ «ፈተናዋ በእናንተ እጅ ነው፤ ጥሩ ጥሩውን ንገሯት» አላቸው።

ነገሯት። በስድስተኛው ቀን ስርጉት ደብተሯን ይዛ መጣች፤ ፊቷ ጠቁሯል።

«አባ፣ ሃያ አራቱም ሠራተኞች የተናገሩት አንድ ቃል ነው። ምግቡ ጥሩ ነው፣ ውኃው ጥሩ ነው፣ የታመመ የለም። አጫጁ ባፈና እንኳ በወባ እየተንቀጠቀጠ ደህና ነኝ አለኝ። ይህን ይዤ ብመለስ ሥራዬን ይጥሉታል።»

ሸጋውን ላብ አጠመቀው። ጥሩ መልስ እንዴት ሰው ይጥላል? ያደረገውን ሳይደብቅ ነገራት። እሷ አዲስ ገጽ ገለጠች።

«እርስዎም ከጎጃም ማጭድ ይዘው ነው የመጡት። ያን ዓመት የት ነበር የሚተኙት?»

«ጥሩ ነበር» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀው ሰው የለም። ዛፍ ሥር ይተኛ እንደነበር፣ አብሮ አደጉ ወባ ይዞት አራት ቀን ሲንቀጠቀጥ ባለማሳው ቀና ብሎ እንዳላየው፣ በአምስተኛው ቀን እንደቀበሩት ነገራት። እየተናገረ ዓይኑ ወደ ባፈና ዳስ ሄደ።

ተነስቶ ባርኔጣውን አደረገ።

«ባፈናን ጤና ጣቢያ ላድርሰው» አለ። «ነገም እዚያው ገንዳ ውሃ እውላለሁ። እኔ በሌለሁበት ደግመሽ ጠይቂያቸው። ስለ እኔ የሚሉትንም ሳትተይ ጻፊው።»