ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ቤተ ሙከራ

አዛለች ቡታጅራ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ናት። ሴልን በጠመኔ ስትሥል ዓመታት አለፉ። ማይክሮስኮፕ ጠፍቶ ቢሆን ደግ! ማይክሮስኮፖቹ ቤተ ሙከራው ውስጥ ከነካርቶናቸው ተደርድረዋል። ቁልፉ ያለው ርእሰ መምህሩ አቶ ግሩም ኪስ ውስጥ ነው። «ልጆች ናቸው፣ ይሰብሩታል፤ ኋላ የምጠየቀው እኔ ነኝ» ይላል። ካርቶን ውስጥ አርጅቶ ቢጣል ግን ማንም አይጠይቀውም።

አንድ ቀን ሰልሚያ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እርስዎስ ሴልን በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?»

«ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ አንዴ፣ በወረፋ» አለች አዛለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ብዙም ሳይቆይ ሰልሚያ ከትምህርት ቤት ቀረች። አዛለች ቤቷ ድረስ ሄደች።

«አጎቷ መርካቶ ሱቅ አለው፣ ትሂድ ብያለሁ» አሉ እናቷ ወይዘሮ ሰፍያ። «እዚያ እጇ ሥራ ይለምዳል። እናንተ ጋ ሰሌዳ ከመገልበጥ ሌላ ምን ታደርጋለች?»

አዛለች ውሸት ነው እንዳትል እውነት ነው። «ሐሙስ ተቆጣጣሪዎች ስለሚመጡ ቤተ ሙከራው ይከፈታል። እባክዎ፣ እስከዚያ ይታገሡኝ» ብላ ለመነች። እናትየውም እሺ አሉ።

ሐሙስ ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለበሰ፤ ማይክሮስኮፖቹ ተወልውለው ተሰለፉ። ተማሪዎቹ ጋዎን ለብሰው ዳር ዳር እንዲቆሙ፣ አንዳች ነገር እንዳይነኩ ታዘዙ። ለፎቶ ነዋ! አዛለች ግን እንግዶቹ ፊት የሽንኩርት ልጣጭ የማይክሮስኮፑ መስታወት ላይ አድርጋ ሰልሚያን ጠራቻት።

ሰልሚያ አጎንብሳ አየች። «ወላሂ ቲቸር፣ ግድግዳ አለው! አንዱ ካንዱ ተያይዞ!» ሌሎቹም ትእዛዙን ረስተው እየተጋፉ ከበቧት። ተቆጣጣሪዎቹ አጨበጨቡ፤ አቶ ግሩምም አብሮ አጨበጨበ።

በማግስቱ የክፍሉ ልጆች በየኪሳቸው ሽንኩርት፣ ቅጠልና የኩሬ ውሃ ይዘው ቀድመው መጡ። ስንት ዘመን «የዛሬ ልጅ መማር አይወድም» ሲባልባቸው የኖሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው። በሩ ተቆልፎ ነበር።

«አቶ ግሩም፣ ይክፈቱልን እንጂ!» አለች አዛለች።

«ፕሮግራሙ ትናንት አለቀ።»

ሰልሚያ ርእሰ መምህሩን ቀና ብላ አየችው። «ለእኛ አይደለም እንዴ የመጣው?» አለች። አቶ ግሩም ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ሰልሚያ እሑድ አጎቷ ጋ አዲስ አበባ ገባች።

ሰኞ አቶ ግሩም አዛለችን አስጠርቶ ለሪፖርቱ የሰልሚያን ማቋረጥ ምክንያት ጠየቃት። መልሷንም አልጠበቀም። «የትምህርት ፍላጎት ማጣት ብለሽ ጻፊ።»

«አልጽፍም!» አለች አዛለች። «ፍላጎቷንማ አየን፤ ያባረርናት እኛ ነን። እርስዎ ቆለፉባት፣ እኔ ደግሞ በሩን ሳልሰብር ቆሜ አየሁ። እንደዚያ ብለው ይጻፉ!»